የላብ (የላቦራቶሪ) ሪፖርት ሳይኮርጁ ነጥብ ማግኘት

ሪፖርት ሳርም ቀድሜ የማየው ድምዳሜውን ሳይሆን የልኬት ሰንጠረዡን ነው። አምስት ባለ 1000 ኦም ሬዚስተሮች (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድቡ ዕቃዎች፤ ኦም የመገደብ አቅማቸው መለኪያ ነው) ለክታችሁ ሁሉም ልክ 1000 ከሆኑ ነገሩ ያጠራጥራል። ወርቃማ ቀለበት ያለው ሬዚስተር የ5 በመቶ ልዩነት ይፈቀድለታል። ስለዚህ ከ950 እስከ 1050 ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። 983 ካነበባችሁ 983 ጻፉ።

870 ከመጣስ? ቁጥሩን አታሳምሩት። ሬዚስተሩን ከሰርኪዩቱ ነቅላችሁ ድገሙት፤ ጎን ለጎን የተያያዘ ሌላ ሬዚስተር ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል። አሁንም ካልተስተካከለ እንዳለ ጻፉና ምክንያቱን አብራሩ። እኔ ጠቀም ያለ ነጥብ የምሰጠው ለዚያ ማብራሪያ ነው።

ልኬት በእስክሪብቶ ይጻፍ። ከተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ የተሰረዘውም ይነበብ። ፍሉይድ አትቀቡ።

ዳታ ከቡድናችሁ ጋር መጋራት ችግር የለውም፤ አብራችሁ ነው የለካችሁት። ግራፉና ትንታኔው ግን የየራሳችሁ ይሁን፤ አስተማሪያችሁ በቡድን አስገቡ ካላለ በቀር። ከላብ ከቀራችሁ ማካካሻ ጠይቁ እንጂ ስማችሁን አታስጨምሩ።

የድሮ ሪፖርት መገልበጥማ የሰውየውን ስህተት ጭምር መውረስ ነው። የመልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) መለያ ቁጥር እንኳ ሳይቀየር መጥቶልኝ ያውቃል! መሣሪያው ከተጣለ ቆይቷል።