ኦቨርድራይቭ እምቢ ሲል፦ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት የሚደረግ የኤሌክትሪክ ምርመራ

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ በአራተኛ ማርሽ የሚጓዝ አሮጌ ቮልቮ ወይም ትሪያምፍ የኦቨርድራይቭ (ከላይኛው ማርሽ በላይ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ማብሪያው ተነክቶ የሞተሩ ዙር ካልቀነሰ፣ ጋራዥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ነው። ፍርዱ የተቻኮለ ነው። በእንግሊዟ ሼፊልድ ይመረት የነበረው የላይኮክ ኦቨርድራይቭ ማርሹን የሚቀይረው በዘይት ግፊት ቢሆንም፣ ግፊቱን የሚያዘው አንድ ሶሌኖይድ (ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በውስጡ ያለውን ዘንግ የሚስብ ጥቅል ሽቦ) ነው፤ ሶሌኖይዱም ትእዛዝ የሚደርሰው በፊውዝ፣ በማብሪያ፣ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ከባዱን መስመር በሚያገናኝ ስዊች)፣ እንዲሁም ካምቢዮው ላይ በተገጠመ መከልከያ ስዊች በኩል ነው። ይህ ሁሉ አንድም የካምቢዮ ብሎን ሳይፈታ በቴስተርና በአንድ ባለ 12 ቮልት አምፖል ይመረመራል። (በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ የሚገጠመው የፌሪ ኦቨርድራይቭ በእጅ ዘንግ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ባለቤቱ ይህ መመሪያ አያስፈልገውም።)

በመጀመሪያ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነውና ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በድንጋይ ይደግፉ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥርም ፈጽሞ አይግቡ። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ይክፈቱ፣ አራተኛ ማርሽ ያስገቡና ማብሪያውን ያብሩ። ረዳትዎ ከካምቢዮው በኩል አንድ ጥርት ያለ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማ ሶሌኖይዱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመረመረው የካምቢዮው ዘይት መጠንና የዘይት ማጣሪያው ይሆናል። ድምፁ ሳያቋርጥ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ምክንያቱንም ለመረዳት የሶሌኖይዱን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል።

«ኤ» እና «ዲ» በሚባሉት የቀድሞ ዓይነቶች ሶሌኖይዱ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉት። የመጀመሪያው ጥቅል ዘንጉን በኃይል ለመሳብ ከ15 እስከ 20 አምፔር የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ዘንጉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ውስጣዊ መገናኛው ይከፈትና ሁለተኛው ጥቅል 2 አምፔር በማይበልጥ ኃይል ብቻ ይዞ ያቆየዋል። ያዡ ጥቅል ከተቃጠለ ዘንጉ ይሳባል፣ ይለቀቃል፣ ደግሞ ይሳባል፤ የሚንቀጫቀጨው ድምፅ ይህ ነው። ዘንጉ መጨረሻው ላይ የማይደርስ ከሆነ ደግሞ መገናኛው አይከፈትም፤ ሳቢው ጥቅል ከባዱን ኃይል እንደተሸከመ ይቆይና በአጭር ጊዜ ይነዳል። ስለዚህ አምፔር መለኪያ በመስመሩ ላይ አስገብተው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወዲያው መውረዱን ሳያረጋግጡ አዲስ ሶሌኖይድ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። በ«ኤ» ዓይነቱ ላይ ሶሌኖይዱ ስቦ በያዘበት ጊዜ በማንቀሳቀሻ ክንዱ ላይ ያለው 4.8 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ከአካሉ ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ የሚስተካከለው ክንዱ ነው። በኋለኛው «ጄ» ዓይነት ግን ሶሌኖይዱ 2 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚወስድ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙን አይተው ወደ ቮልት ልኬት ይለፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፦ ሽቦውን ከሶሌኖይዱ ነቅሎ ሲለካ 12 ቮልት ያገኝና «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው» ይላል። አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ኃይል እስካልተወሰደበት ድረስ 12 ቮልት ያሳያል። ልኬቱ መደረግ ያለበት ሽቦው እንደተያያዘና ማብሪያው እንደበራ ነው። 20 አምፔር በሚያልፍበት መስመር ላይ የዛገ ማያያዣ 0.2 ኦም ብቻ ቢጨምር 4 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ በቀረው 8 ቮልትም ሶሌኖይዱ ላይስብ ይችላል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን በየማያያዣው ላይ እያደረጉ ወደ ሶሌኖይዱ ቢሄዱ ቮልቱ የት እንደሚጠፋ በግልጽ ይታያል። የደሴ ጉምና እርጥበት የመዳብ ጫፎችን በቶሎ ስለሚያረነጉድ፣ ማያያዣዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ብቻውን ብዙ መኪና ያድናል። ማሳውም (የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) እንዲሁ ይለካል፤ ካምቢዮው የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ መመለሻው ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው የማሳ ገመድ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አጋማሽና ከዚያ በፊት በተሠሩ በርካታ የእንግሊዝ መኪኖች ማሳው ፖዘቲቭ መሆኑንም አይዘንጉ።

ቮልቱ ከሪሌው አልፎ የማይሄድ ከሆነ፣ በሉካስ ሪሌ ላይ ደብልዩ 1 እና ደብልዩ 2 የጥቅሉ፣ ሲ 1 እና ሲ 2 የከባዱ መስመር ጫፎች ናቸውና ልኬቱን በእነዚህ ላይ ያድርጉ። በቮልቮ 240 ላይ ግን ከሪሌው በፊት የማርሽ ዘንጉን እጠረጥራለሁ፤ ማብሪያው ማርሽ መጨበጫው ላይ ስለሆነ በዘንጉ ውስጥ የሚወርዱት ቀጫጭን ሽቦዎች በየማርሽ ቅያሪው እየታጠፉ ይበጠሳሉ።

መከልከያ ስዊቹ ኦቨርድራይቩ በላይኛዎቹ ማርሾች ብቻ እንዲሠራ ያደርጋል። ለምርመራ ያህል፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ሁለቱን ሽቦዎቹን በአጭር ሽቦ ማገናኘት ይቻላል፤ ሶሌኖይዱ ያን ጊዜ ከሠራ ስዊቹ ተበላሽቷል ወይም በትክክል አልተነካም። ይሁን እንጂ በዚያ አቋራጭ ሽቦ መንዳት ክልክል ነው፤ ኦቨርድራይቩ ገብቶ ሳለ ወደ ኋላ የተነዳ መኪና የአንድ አቅጣጫ ክላቹን ይሰብራል፣ ያን ጊዜም ካምቢዮው የግድ ይወርዳል። ማብሪያው ጠፍቶ ኦቨርድራይቩ አልለቅ ካለም ወደ ኋላ ማርሽ ፈጽሞ አያስገቡ።

እጅግ አስቸጋሪው ጠዋት ደሴ ላይ ሠርቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚጠፋው ብልሽት ነው። ሶሌኖይድ ሲሞቅ ጥቅሉ ውስጥ ያለ ስንጥቅ ይከፈታል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲለካም ጤነኛ ይመስላል። የሐረጎን ቁልቁለት ያለ ኦቨርድራይቭ፣ ሞተሩ እየያዘዎት ይውረዱ፤ ኮምቦልቻን አልፈው ሜዳው ላይ ኦቨርድራይቩን ለመጠቀም ይሞክሩ፤ እምቢ እንዳለ ሳይቀዘቅዝ ዳር አቁመው፣ ከጭስ ማውጫው ግለት እጅዎን እየጠበቁ ይለኩ። ሶሌኖይዱ ጫፍ ላይ ሙሉ ቮልት እያለ ድምፅ ከሌለና ማሳው ደህና ከሆነ የሚለወጠው ሶሌኖይዱ ነው፤ ቮልቱ ከጠፋ ግን ፍለጋው ወደ ሪሌውና ወደ ማብሪያው ይመለሳል።