በአጭር ሜዳ ላይ ጉልበት ምን ይሠራል? የዲስክ ጎልፍ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ወዳጄ የእህቱን ልጅ ይዞ መጣ። ልጁ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ቦርሳውን ከፍቶ አዲስ ዲስኮቹን አሳየኝ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ጠርዛቸው ሰፊና ስል፣ ጀርባቸው ላይ 12 እና 13 የሚሉ ቁጥሮች የታተሙባቸው። «ጋሼ፣ ሻጩ ከሁሉም ሩቅ የሚሄዱት እነዚህ ናቸው ብሎኝ ነው» አለ። ሻጩ አልዋሸም። ሩቅ መሄዱንስ ይሄዳሉ፤ የሚያስኬዳቸው ክንድ ካገኙ።

ዲስክ ጎልፍ የፕላስቲክ ዲስክ እየወረወሩ ምሰሶ ላይ የቆመ ባለሰንሰለት ቅርጫት ውስጥ በተቻለ መጠን በጥቂት ውርወራ የማስገባት ጨዋታ ነው። የምንጫወተው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አርሊንግተን፣ ብሉሞንት ፓርክ ነው። ሜዳው 9 ቅርጫት ብቻ ያለው፣ አጭርና በዛፎች መካከል የተዘረጋ ነው። ክፍያ የለውም። አንድ ሰዓት ያህል ትርፍ ጊዜ ላለው ሰው የተመቸ ስለሆነ አዲስ ሰው ሁሉ የሚመጣው እዚህ ነው። አዲስ ሰው ሁሉ የሚያጠፋውም አንድ ዓይነት ጥፋት ነው፦ ፈጣን ድራይቨር፣ ማለትም ለሩቅ ውርወራ የተሠራ ዲስክ ይገዛል።

ዲስኩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቁጥሮች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም እሱ ነው። ቁጥሩ ዲስኩ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚናገር ይመስላል። የሚናገረው ግን ዲስኩ እንደታሰበለት እንዲበር እናንተ ምን ያህል አፍጥናችሁ መወርወር እንዳለባችሁ ነው። ሁለተኛው መንሳፈፉን ይነግራችኋል፤ ሦስተኛውና አራተኛው በረራው መጀመሪያ ላይና መጨረሻው ላይ ወደየትኛው ጎን እንደሚያደላ። 12 የተጻፈበትን ዲስክ የጀማሪ ክንድ ሲወረውረው የሚፈልገውን ፍጥነት ስለማያገኝ ገና ሳይጓዝ ወደ ጎን ይወድቃል። ቀኝ እጁን ከደረቱ ፊት አሻግሮ ለሚወረውር ሰው ጎኑ ሁልጊዜ ግራ ነው።

ልጁ የመጀመሪያውን ወረወረ። ሠላሳ ሜትር ያህል ሄደና ወደ ግራ ታጥፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። «እጄ ስላልሞቀ ነው» ብሎ ሁለተኛውን በበለጠ ጉልበት ላከው። እዚያው ቁጥቋጦ። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል ያዝኩትና አሮጌ ፑተሬን፣ ማለትም ለቅርብ ውርወራ የሚሆነውን ዲስኬን ሰጠሁት፤ የመጀመሪያ ቁጥሩ 2 የሆነ፣ ጠርዙ ደንዳና፣ ከዛፍ ጋር ሲላተም የኖረ ዲስክ። «ግማሽ ጉልበትህን ብቻ» አልኩት። ዲስኩ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከቅርጫቱ ሰባት እርምጃ ያህል ሲቀረው አረፈ። ልጁ ፑተሩን አየ፣ ቦርሳውን አየ፣ አጎቱን አየ። ብሩን የሰጠው አጎትየው ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ! ቅርጫቱ ያለው ከ60 እስከ 80 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ 150 ሜትር እንዲበር የተሠራ ዲስክ ምን ያደርግላችኋል? አንድ ፑተርና አንድ ሚድሬንጅ (የመካከለኛ ርቀት ዲስክ)፣ ቢቻል ከ165 ግራም የማይበልጡ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። ይህንን የምለው ከማንም የተሻልኩ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን በጋ 14 ዲስክ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው የዞርኩት። ባለቤቴ አንድ ቀን ቦርሳውን አንሥታ «የምትሄደው ልትጫወት ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» አለችኝ።

ከዲስኩ ቀጥሎ የአወራወር ነገር ነው። ጀማሪ ዲስኩን በክንዱ ክብ እየሠራ፣ እንደ በር ያወዛውዘዋል። ጄኔሬተር አስነሥታችሁ ታውቃላችሁ? ገመዱን ደረታችሁ ፊት ለፊት በቀጥታ መስመር ነው የምትስቡት፤ መጀመሪያ ቀስ፣ መጨረሻ ላይ ፈጠን። የዲስኩም አሳሳብ ያው ነው። የዲስኩን አፍንጫ ማለትም የፊት ጠርዙን ደግሞ ወደ ሰማይ አታንሡት። ቀና ያለ ዲስክ ሽቅብ ይወጣል፣ አየር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ እዚያው አጠገባችሁ ይወርዳል። ሰው ይህንን ሲያይ «ጉልበት አነሰኝ» ብሎ ይጨምራል፤ ዲስኩም ይበልጥ ሽቅብ ይወጣል።

ሮጦ መወርወርን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። በፓርኩ ውስጥ ሰው ይሄዳል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ እናቶች የሕፃን ጋሪ ይገፋሉ። ቅድሚያ የእነርሱ ነው፤ መጠበቅ የኛ። ከፊታችሁ ያሉት ተጫዋቾች ቅርጫቱን ለቀው ሳይሄዱም አትወርውሩ። ዲስክ ቀላል ፕላስቲክ ይመስላል እንጂ ግንባር ላይ ያረፈ እንደሆነ ሐኪም ቤት ይወስዳል። ዲስካችሁ ወደ ሰው ካመለጠ የሚጮኸው ቃል «ፎር!» ነው፤ ከጎልፍ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ዲስክ አምልጦኝ በእግር መንገዱ ወደሚሄዱ ሁለት ሰዎች ሲያመራ በድንጋጤ «ተጠንቀቁ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሁለቱ ሰዎች ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም። አጠገቤ ቆሞ የነበረው ጓደኛዬ ግን ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ። ዲስኩ በአንድ ክንድ ርቀት አለፋቸው። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ ዲስክ ሲፈለግም ጥንቃቄ አለው። ፖይዝን አይቪ የሚባል፣ በአንድ አንጓ ሦስት ሦስት ቅጠል የሚያወጣ ሐረግ በዚህ አካባቢ ጫካ ውስጥ በብዛት አለ። እንደኛ ሳማ ወዲያው አይለበልብም፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ምንም ሳይሰማችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ፣ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቆዳችሁ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ውኃ ይቋጥራል። በአጭር ሱሪ ገብቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስፈገፍግ ከርሜያለሁ። ዲስኩን በረጅም እንጨት ሳቡት፤ ከነካችሁት ቶሎ በሳሙና ታጠቡ፤ ዲስኩንም እጠቡት፣ የሐረጉ ቅባት እላዩ ላይ ይቆያልና።

ቅርጫቱ አጠገብ ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ። ከአምስት ሜትር ላይ ቆሞ ሰንሰለቱን እንደ ጠላት የሚወግር ሰው አይጠፋም። ሰንሰለቱ የተሰቀለው ዲስኩን ይዞ ወደ ቅርጫቱ እንዲያወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ በኦክ ግሮቭ ፓርክ የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ ሲከፈት ዒላማው ተራ ምሰሶ ነበር፤ ነካ አልነካም የሚል ጭቅጭቅ አያጣውም። ሜዳውን የነደፈው ኤድ ሄድሪክ ኋላ ባለሰንሰለቱን ቅርጫት ሠርቶ ክርክሩን ገላገለ። በኃይል የተወረወረ ዲስክ ግን በሰንሰለቶቹ መሐል ሾልኮ በወዲያ በኩል ይወጣል፣ ወይም ምሰሶውን መትቶ ይመለሳል። ከሳታችሁም አሥር ሜትር አልፎ ይሄድና ተመልሳችሁ ያንኑ ሙከራ ትደግማላችሁ። ለስለስ አድርጋችሁ ወርውሩ። ከ10 ሜትር ክልል ውስጥ ስትወረውሩ ሚዛናችሁን ሳትጠብቁ ወደፊት መራመድ እንደማይፈቀድ አስታውሱ፤ ዳኛ የለም ብላችሁ አትርሱት። አብዛኛውን ጊዜ ዳኞቹ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ቅርጫቱ አናት ላይ ወጥቶ የተቀመጠ ዲስክም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ነገር በየሳምንቱ የሚከራከረኝ አንድ ሰው አለ፣ ራሱን ያውቃል።

የመጨረሻው ለመሥራት ከሁሉም የቀለለ ነው፤ የዲስካችሁ ጀርባ ላይ በማይለቅ ቀለም ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ። ከሦስት ዓመት በፊት የጠፋብኝን ዲስክ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ በወሩ ደውለው መልሰውልኛል። ይህንን ለልጁም በመጀመሪያው ቅርጫት ላይ ነግሬው ነበር። «ስንጨርስ እጽፋለሁ» አለ። ሦስተኛውን ድራይቨር ካልወረወርኩ ብሎ አሻፈረኝ አለና ዲስኩ ወደ ግራ ታጥፎ ፓርኩን አቋርጦ በሚያልፈው በፎር ማይል ረን ጅረት ውስጥ ገባ። ሱሪያችንን ሰብስበን ግማሽ ሰዓት ያህል ፈለግነው፤ አላገኘነውም። እንደዚህ ዓይነቱ ዲስክ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም።