ለሰርፊንግ ሄደው በእርዳታ ሥራ የሚሳተፉ በጎ ፈቃደኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኢንዶኔዥያ ከሱማትራ ደሴት በስተምዕራብ የሚገኙት የሜንታዋይ ደሴቶች፣ በሰሌዳ ላይ ቆመው በማዕበል ለሚንሸራተቱት ሰርፈሮች በዓለም ላይ እጅግ ተመራጭ ከሆኑት ሥፍራዎች አንዱ ናቸው። ዴቭ ጄንኪንስ የተባለው የኒውዚላንድ ሐኪም በ1999 (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዚሁ ስፖርት ወደዚያ በተጓዘበት ወቅት፣ እንግዶች ከሚዝናኑበት የባሕር ዳርቻ ብዙም በማይርቅ መንደር እናቶችና ሕፃናት በወባና በሌሎች መከላከል በሚቻሉ በሽታዎች እየሞቱ መሆኑን ተመለከተ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሰርፍኤይድ የተባለውን የእርዳታ ድርጅት አቋቋመ። ከእርሱ በኋላ በርካታ ሰርፈሮች ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል። ማዕበል ፍለጋ የሚጓዙባቸው ጠረፎች ብዙውን ጊዜ ድህነት የበረታባቸው፣ ለመሬት መንቀጥቀጥና ለሱናሚም የተጋለጡ በመሆናቸው፣ በእረፍት ጊዜያቸው የአካባቢውን ሰው ለመርዳት መነሣሣታቸው የሚያስገርም አይደለም። ሆኖም ቅን ልብ ይዘው ሄደው ለመንደሩ ሸክም የሆኑ በጎ ፈቃደኞችም ጥቂት አይደሉም፤ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች ደግሞ በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው።

የባሕር ችሎታን የእርዳታ ሙያ አድርጎ መቁጠር

የመጀመሪያውና የሌሎቹ ሁሉ ምንጭ የሆነው ስህተት ይህ ነው። ከባድ ማዕበል መቋቋም የሚችል ወጣት በአካል ብርቱ፣ በመንፈስም ደፋር ስለሆነ ክሊኒክ ማገዝ፣ ትምህርት ቤት መገንባት ወይም ሕፃናትን ማስተማር የማይከብደው ይመስለዋል። ጄንኪንስ ሐኪም ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የመሠረተው ድርጅት ሥራውን የጀመረው በሽተኛ አክሞ በመመለስ ሳይሆን አጎበር በማዳረስና የመንደሩን ነዋሪ ስለ ወባ በማስተማር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዛሬ በመድኃኒት የዳነ ሕፃን ማታ ያለ አጎበር ከተኛ በድጋሚ ይነደፋል። አጎበሩ ደግሞ በመታደሉ ብቻ አያድንም፤ በየምሽቱ መሰቀል፣ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር መጠቅጠቅ፣ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነም ቅድሚያ ለነፍሰ ጡሮችና ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት መሰጠት አለበት። በሀገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ይህንኑ ሲያስረዱ ያየ ሰው፣ ሥራው የቋንቋ፣ የመተማመንና የተደጋጋሚ ጉብኝት ሥራ መሆኑን ያውቃል። ለሁለት ሳምንት የመጣ እንግዳ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም የለውም።

ይህ ማለት ግን ሰርፈሩ ባዶ እጁን ነው ማለት አይደለም። የጀልባ ካፒቴኖችን በስም ያውቃል፤ በኮራል ድንጋዮች መካከል በየትኛው መተላለፊያ እንደሚገባ፣ ባሕሩ መቼ እንደሚከፋ ያውቃል፤ ከውኃ ውስጥ ሰው ማውጣትም ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየዓመቱ ወደዚያው ጠረፍ ይመለሳል። በእርዳታ ሥራ ተመላልሶ መምጣትን የመሰለ ብርቅ ነገር የለም፤ አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ግን ይህን ሀብታቸውን ወደ ጎን ትተው ከሁሉ ያነሰ ችሎታ ወዳላቸው ሥራ ይሽቀዳደማሉ።

አደጋ በደረሰ ማግሥት ያለ ጥሪ መገስገስ

ጥቅምት 25 ቀን 2010 በሜንታዋይ አቅራቢያ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በፓጋይ ደሴቶች ላይ ሱናሚ አስከትሎ ከ400 በላይ ሰዎችን ገደለ። ንዝረቱ በአንጻራዊነት ለስላሳ ስለነበር ብዙዎች ወደ ከፍታ ቦታ አልሸሹም። ከዚያም ባሕሩ በመናወጡና የአየሩ ሁኔታ በመክፋቱ እርዳታ የጫኑ መርከቦች ወደ መንደሮቹ ለመድረስ ተቸገሩ። በእነዚያ ቀናት ከጠቀሙት መካከል ሰርፈሮችን ይዘው ቀድሞውኑ በአካባቢው የነበሩ የኪራይ ጀልባዎች ይገኙባቸዋል፤ ካፒቴኖቻቸው መተላለፊያዎቹን ስለሚያውቁ ሰዎችን በመፈለግና ቁሳቁስ በማጓጓዝ ረድተዋል። የጠቀማቸው ቀድሞ በሥፍራው መገኘታቸውና የባሕሩን ጠባይ ማወቃቸው ነው። ዜናውን በቴሌቪዥን አይቶ ከሲድኒ ወይም ከካሊፎርኒያ ትኬት የቆረጠ ሰው ሁኔታው ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እርሱ ሲደርስ መኝታ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ተሽከርካሪና አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ደግሞ በዚያ ሰዓት እጅግ የጠፉት ነገሮች ናቸው።

መስከረም 28 ቀን 2018 የሱላዌሲዋን ፓሉ ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በመታት ጊዜ ከ4,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የኢንዶኔዥያ የአደጋ መከላከል ባለሥልጣናት የውጭ ድርጅቶች በአካባቢው አጋሮች በኩል ብቻ እንዲሠሩ፣ ሠራተኞቻቸውን አስቀድመው ያሰማሩትም እንዲያስወጧቸው አዘዋል። በወቅቱ ትእዛዙን እንደ ምስጋና ቢስነት የቆጠሩት ነበሩ፤ ለእኔ ግን ትክክለኛ ነበር። ከስምንት ዓመታት በፊት በጥር 2010 የሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶፕሬንስ ስትፈርስ፣ ወደቡ ከጥቅም ውጭ ሆኖ፣ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ከመጨናነቁ የተነሣ እርዳታ የጫኑ አውሮፕላኖች ማረፊያ አጥተው ወደ ጎረቤቷ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለመዞር ተገደዋል። ያለ ሥራ ድርሻ የሚመጣ እያንዳንዱ ሰው በዚያ ወረፋ ውስጥ ነው የሚሰለፈው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገንዘብ መላክ፣ ለመሄድ ደግሞ ካሜራዎቹ የሚወጡበትን ጊዜ መጠበቅ ይመረጣል፤ የፈረሰ ቤት የሚሠራውም፣ ሰው የሚረሳውም ያን ጊዜ ነውና።

ሳይጠይቁ ጭኖ መምጣት

ከ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በኋላ ወደ ኢንዶኔዥያዋ አቼ ግዛት 4,000 ቶን ገደማ መድኃኒት ገብቶ ነበር። አብዛኛው በሀገሪቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሌለ፣ የአካባቢው ባለሙያዎች በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈበት፣ ከፊሉም የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ ወይም ሊያልፍ የተቃረበ ስለነበር፣ ለማስወገዱ ራሱ ሌላ ወጪ አስፈልጓል። በሰርፊንግ ሰሌዳ ከረጢት ውስጥ አሮጌ ልብስና የተረፈ አንቲባዮቲክ አጭቆ የሚሄድ ሰው የሚፈጽመው ይህንኑ በትንሹ ነው። ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሩዝና ብርድ ልብስ በሱማትራዋ የወደብ ከተማ በፓዳንግ ገበያ ይገኛል፤ ከዚያ መግዛት ነጋዴውንም ያቋቁማል።

ማጣሪያውን ሰጥቶ መሄድ

ስለ ውኃ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ሰርፈሮች ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁበት እርዳታ ይህ ሆኗልና። የቀድሞው ፕሮፌሽናል ሰርፈር ጆን ሮዝ ወደ ባሊ ሊወስዳቸው ያሰባቸውን ጥቂት የውኃ ማጣሪያዎች ይዞ በሱማትራ ባሕር ላይ ሳለ፣ መስከረም 30 ቀን 2009 ፓዳንግ ከተማ ከ1,000 በላይ ሰዎችን በገደለ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ማጣሪያዎቹን እዚያው ለተጎጂዎች አዋላቸው፤ ዌቭስ ፎር ዋተር የተባለውም ድርጅት በዚሁ ተጀመረ። ሐሳቡ ብልህነት አለበት፦ መንገደኛው የሚሄድበትን ጉዞ አይቀይርም፤ ሻንጣው ውስጥ ጥቂት ማጣሪያ ይጨምራል እንጂ።

ስህተቱ የሚመጣው ማጣሪያው ሁሉን ቻይ ሲመስል ነው። የተለመደው ባለ ቀጫጭን ቱቦ ማጣሪያ፣ ቀዳዳው 0.1 ማይክሮን ያህል ስለሆነ፣ የኮሌራን ባክቴሪያና መሰሎቹን ያግዳል። ቫይረሶች ግን ከዚያ ያነሱ በመሆናቸው ያልፋሉ፤ በውኃ ውስጥ የሟሟ ጨውና ኬሚካልም እንዲሁ። ስለዚህ ሱናሚ የባሕር ውኃ ያስገባበትን የጉድጓድ ውኃ በእርሱ ማጣራት ጨውነቱን አያስቀርም። ጉድጓዱን በሞተር አጥብቆ መምጠጥም ከሥር ተጨማሪ ጨዋማ ውኃ ሊስብ ስለሚችል፣ ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የሚወስን የውኃ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሌላው ችግር ማጣሪያው በደለል ሲዘጋ ነው፤ ንጹሕ ውኃ በተቃራኒው አቅጣጫ በግፊት እየተላከ ካልታጠበ ፍሰቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህን ያልተነገራቸው ቤተሰቦችም ተበላሸ ብለው ጥግ ያስቀምጡታል። የተጣራውን ውኃ ባልታጠበ ጀሪካን መቅዳት ደግሞ ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

መጠኑንም አስቀድሞ ማስላት ይገባል። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ዘንድ የተለመደው መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና እንዲዳረስ ነው፤ አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ 75 ሊትር ይሆናል። ለመጠጡ ማጣሪያው ይበቃል፤ ለቀረው ግን የውኃው ምንጭ ራሱ መፍትሔ ይፈልጋል። ሥልጠናውንም ለመንደሩ ሹም ብቻ ሰጥቶ ፎቶ ተነሥቶ ከመመለስ፣ ውኃ የምትቀዳዋን እናት ማጣሪያውን በገዛ እጇ ፈትታ እንድታጥብና እንድትገጥም ማድረግ፣ በሚቀጥለው ወቅት ሲመለሱም በየቤቱ ገብቶ ስንቱ እንደሚሠራ ማየት ይገባል።

በሕፃናት ዙሪያ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የሕፃናት ማሳደጊያ መጎብኘት የብዙ በጎ ፈቃደኞች ጉዞ አካል ነው። በኢንዶኔዥያም ሆነ በሄይቲ በእነዚህ ተቋማት የሚኖሩ አብዛኞቹ ሕፃናት ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ናቸው፤ ከቤታቸው ያወጣቸው ድህነት ነው። እንግዶች የሚለግሱት ገንዘብ ተቋማቱ እንዲበዙና በሕፃናት እንዲሞሉ የሚገፋፋ መሆኑ በመታወቁ፣ አውስትራሊያ በ2018 ዘመናዊ ባርነትን በሚመለከተው ሕጓ ሂደት ሕፃናትን ለዚህ ዓላማ ማዘዋወርን እንደ ብዝበዛ ተቀብላለች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሕፃናትን ለውጭ ሀገር ማደጎ መስጠትን በሕግ የከለከለችው ኢትዮጵያም ከዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለችም። እናቱ በሕይወት ላለች ልጅ ማሳደጊያ ከመቀለብ እናቲቱን መደገፍ ይሻላል።

ሰርፊንግ ማስተማር ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በኬፕታውን የሚሠራው ዌቭስ ፎር ቼንጅ ድህነትና ዓመፅ ባለባቸው ሰፈሮች ያደጉ ሕፃናትን በባሕር ላይ ስፖርት አማካይነት ከድንጋጤና ከጭንቀት እንዲያገግሙ ይረዳል፤ አሠልጣኞቹ ከዚያው ሰፈር የተቀጠሩ ወጣቶች ሲሆኑ ሕፃናቱን በየሳምንቱ ያገኟቸዋል። ለአሥር ቀን መጥቶ ልጆቹ ከለመዱት በኋላ የሚጠፋ እንግዳ ይህን አይተካም። ሱናሚ ወላጁን የወሰደበት ልጅ ከባሕር ጋር ያለው ጉዳይ ቀላል አለመሆኑንም ልብ ማለት ያሻል፤ ገና መዋኘት ያልቻለን ልጅ ለፎቶ ብሎ በሰሌዳ ላይ ማቆም ደግሞ ስም የለውም።

ቪዛንና የራስን ጤና ችላ ማለት

በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራት፣ ክፍያ ባይኖረውም፣ በኢንዶኔዥያ ከሀገር ሊያስባርር ይችላል። ተቀባዩ ድርጅት ትክክለኛውን ፈቃድ አስቀድሞ እንዲያወጣ መጠየቅ ግዴታ ነው። በጤና ረገድ የሄይቲ ኮሌራ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው፦ በ2010 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ ፍሳሽ የአርቲቦኒት ወንዝ ገባር የሆነውን ውኃ በመበከሉ የተነሣው ወረርሽኝ 10,000 ለሚጠጋ ሕዝብ ሞት ምክንያት ሆኗል፤ ድርጅቱ ድርሻ እንደነበረው ያመነው በ2016 ነው። ክትባትን አሟልቶ መሄድ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲኖር ከመንደሩ መራቅ፣ የሚያርፉበት ጀልባ ወይም ቤት ፍሳሹን የት እንደሚጥል መጠየቅ ከጨዋነት በላይ ነው።

ገንዘቡ የት እንደሚቀር አለማሰብ

የሜንታዋይ አስተዳደር ለሰርፊንግ ከሚመጣ እንግዳ ክፍያ ይሰበስባል። በውድ ጀልባ ተሳፍሮ መጥቶ፣ ድሆችን ለመርዳት እንደመጣ እየተናገረ፣ በዚህ ክፍያ የሚያጉረመርም ሰው መኖሩ ይገርማል። በኒያስ ደሴት ላጉንድሪ ወሽመጥ ቤተሰቦች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ትናንሽ ማረፊያዎች አሉ፤ እዚያ ማደርና የመንደሩን ጀልባ መከራየት ማንም ሳይመርጥ፣ ማንም ሳያድል ወደ ቤተሰቡ እጅ የሚገባ ገንዘብ ነው።

ያደሉትን ቆጥሮ ውጤት ማለት

ይህን ያህል አጎበር ታደለ፣ ይህን ያህል ማጣሪያ ተሰጠ የሚል ዘገባ ለለጋሹ ደስ ያሰኛል፤ ስለ ወባውና ስለ ተቅማጡ ግን ምንም አይናገርም። በኢንዶኔዥያ ፑስኬስማስ የሚባለው ጤና ጣቢያ የታማሚዎችን መዝገብ ይይዛል፤ ፖሲያንዱ በሚባለው የመንደር የጤና ቀንም እናቶች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውን በየወሩ ያስመዝናሉ። በሚቀጥለው የማዕበል ወቅት ተመልሶ የሚመጣ ሰርፈር ሰሌዳውን ከማውረዱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ፣ የጣቢያውን ኃላፊ አስፈቅዶ፣ እርሱ ከሄደ በኋላ በወባና በተቅማጥ የተመዘገቡት ሕፃናት ቁጥር ጨምሮ እንደሆነ ወይም ቀንሶ እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያውስ በዚህ ዓመት ምን እንደጎደለው ይጠይቅ።