የፒክስል ፖርትሬትን በሌሎች ሠዓሊያን አስተያየት ማሻሻል

64 በ64 በሆነ ሸራ ላይ የሰው ፊት የሚሥል ሰው በእጁ ያሉት 4,096 ፒክስሎች (ምስሉ የሚገነባባቸው ትንንሽ ባለ ቀለም ካሬዎች) ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ለአንድ ዓይን የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ከሃያ አይበልጡም። በእርሳስ ሥዕል ላይ ማንም ሳያስተውለው የሚያልፍ ስህተት እዚህ ባለፊቱን ሌላ ሰው ያደርገዋል። ብሌኑ አንድ ፒክስል ወደ ጎን ቢሄድ ሰውየው ሌላ ቦታ ያያል፤ የአፉ ጫፍ አንድ ፒክስል ቢወርድ ፈገግታው ይጠፋል። ሠዓሊው ደግሞ ሥዕሉን ለሰዓታት አጉልቶ ሲመለከተው ስለሚቆይ ዓይኑ ጉድለቱን ለምዶታል። ስለዚህ ሌላ ዓይን ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ አስተያየት ሰጪዎች ዓይናቸው የተደናቀፈበትን ቦታ በትክክል ቢያመለክቱም፣ የተደናቀፈበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ እንደሚስቱ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት የሠዓሊው ሥራ ነው።

ሥዕሉን ለሌሎች ከማሳየትዎ በፊት በትክክል እንዲታይ አድርገው ያዘጋጁት። በዋናው መጠኑ አንድ ቅጂ፣ ጎልቶ ደግሞ ሌላ ቅጂ ያቅርቡ። ሲያጎሉት ሦስት ወይም አራት እጥፍ እንጂ ሁለት ተኩል እጥፍ አያድርጉት፤ እጥፉ ሙሉ ቁጥር ካልሆነ አንዳንዱ ፒክስል ከጎረቤቱ ይሰፋል፣ ተመልካቹም ያላጠፉትን ጥፋት ይቆጥርብዎታል። ፕሮግራሙ ሲያጎላ ፒክስሎቹን እንዳያደበዝዝ ቅንብሩን ያረጋግጡ፤ ፋይሉንም በፒኤንጂ (PNG) የምስል ዓይነት ያስቀምጡት፣ ጄፔግ (JPEG) በጠርዞች ዙሪያ የማይፈለጉ ቀለሞችን ይረጫልና። ከሥዕሉ ጋር የሸራውን መጠን፣ የተጠቀሙባቸውን ቀለሞች ብዛት፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ከፎቶ የሠሩ ከሆነም ፎቶውን አብረው ያሳዩ። «እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ «ቆንጆ ነው» የሚል መልስ እንጂ ሌላ አያመጣም። «የቀኝ ዓይኑ ከግራው ጋር በአንድ መስመር ላይ ያለ ይመስላችኋል?» ብለው ቢጠይቁ ግን የሚሠሩበት ነገር ያገኛሉ።

የሚያሳዩበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ብዙዎቻችን ሥራው ተወልውሎ ካለቀ በኋላ ለማሳየት እንመርጣለን፤ ይህ ግን ለሥዕሉ ሳይሆን ለክብራችን ስንል የምናደርገው ነው። ጠርዙ ሁሉ የለሰለሰ መንጋጋን ሁለት ፒክስል ማንቀሳቀስ የአንድ ምሽት ሥራን ማፍረስ ስለሚሆን ሠዓሊው አስተያየቱን ላለመቀበል ሰበብ ይፈልጋል። ፊቱ በሦስት ቀለሞች ብቻ፣ ማለትም በብርሃን፣ በመካከለኛና በጥላ፣ ተከፍሎ ሳለ የሚሰጥ አስተያየት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞከር ይችላል።

አስተያየቶቹ ሲደርሱዎ እንደመጡበት ቅደም ተከተል አያርሙ። በመጀመሪያ የቅርጽና የመጠን፣ ቀጥሎ የብርሃን፣ ከዚያ የቀለም፣ በመጨረሻም የጠርዝ ጉዳዮችን ይመልከቱ፤ በቅርጹ ላይ የሚደረግ ለውጥ ከእሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ይሽራልና። በአንድ ወቅት በሠራሁት ፖርትሬት ላይ ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነግረውኝ ነበር፤ አንዱ አፍንጫው ረዝሟል፣ ሌላው አገጩ ከብዷል፣ ሦስተኛው ደግሞ ፀጉሩ ከራሱ ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ ይመስላል አለ። አፍንጫውን አሳጠርሁ፤ ፊቱ ባሰበት። ኋላ ላይ ሥዕሉን ወደ ግራና ቀኝ ገልብጬ ስመለከተው የሦስቱም ቅሬታ ምንጭ አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ዓይኖቹ ከሚገባቸው በላይ ከፍ ብለው ነበር። ዓይን በአዋቂ ሰው ራስ ላይ ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መካከል አካባቢ ይገኛል፤ ጀማሪ ግን በፀጉር የተሸፈነውን የራስ ቅል ስለሚረሳ ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ዓይኖቹንና ቅንድቦቹን አንድ ላይ መርጬ ሁለት ፒክስል አወረድኋቸው፣ አናቱንም በአንድ ፒክስል ከፍ አደረግሁት፤ አፍንጫውን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ብመልሰውም ስለ እሱ ዳግመኛ የተናገረ አልነበረም።

«ፊቱ ጠፍጣፋ ነው» ወይም «ፊኛ ይመስላል» የሚል አስተያየት ከመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በሙያው ቋንቋ ፒሎው ሼዲንግ የሚባለው ነው። ሠዓሊው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሳይወስን መሐሉን አብርቶ ወደ ጠርዙ በሄደ ቁጥር ያጨልማል፤ ውጤቱም በጥጥ የተሞላ ትራስ ነው። መድኃኒቱ ቀለም መጨመር ሳይሆን አንድ የብርሃን አቅጣጫ መርጦ ፊቱን እንደ ተጠረበ ድንጋይ በገጽ በገጽ ማሰብ ነው። ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል ከሆነ ግንባሩ፣ የአፍንጫው ድልድይና የግራ ጉንጩ አናት ይበራሉ፤ የዓይን ጉድጓዶች፣ የአፍንጫው ሥር፣ ወደ ታች ያዘነበለው የላይኛው ከንፈር፣ ከታችኛው ከንፈር በታች ያለው ጎድጓዳና ከመንጋጋው ሥር ያለው አንገት ይጠቁራሉ። በተለይ የአንገቱ ጥላ ሲረሳ ራሱ ከትከሻው ጋር ተለጥፎ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ሥዕሉን ወደ ግራጫ ለውጠው ይዩት፤ በግራጫ የማይነበብ ፊት በቀለም ብዛት አይድንም።

«ቀለሙ ጭቃ መሰለ» ሲባሉ የጥላዎቹን ቀለም አንድ በአንድ ይመርምሩ። ምናልባት ያንኑ የቆዳ ቀለም ጥቁር እየጨመሩ ብቻ አጨልመውት ይሆናል። ጥላው ወደ ቀይ፣ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ፣ ብርሃኑም ወደ ቢጫ ቢያዘነብል ቆዳው ሕይወት ያገኛል። ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ሲሣል ይህ ስህተት ይበልጥ ይጎላል፤ ብዙዎች ለፈካ ቆዳ ያዘጋጁትን ፓሌት (የቀለም ስብስብ) እንዳለ አጨልመው ይጠቀማሉ፣ ፊቱም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠቆር ያለ ቆዳ መካከለኛ ቃናው ሞቅ ያለና የጠገበ፣ የብርሃን ነጥቦቹም ጠባብና ጎላ ያሉ ሲሆኑ ይነበባል፤ ነጥቦቹ ሰማዩን የሚያንጸባርቁ ከሆነ ወደ ሰማያዊ ቢያዘነብሉ አያስደንቅም። ለቆዳ አራት ወይም አምስት ቀለም በቂ ነው፤ በዋናው መጠን ሲታዩ የማይለዩ ሁለት ጎረቤት ቀለሞች ካሉ አንዱን ያጥፉት፤ የቆዳው ጨለማ ጥላ የፀጉሩ ብርሃን ሆኖ ሊያገለግልም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ የተባለ በእጅ የሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ አራት ቃናዎች ብቻ ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ንድፍ ሠሪዋ ሱዛን ኬር የሠራቻቸው አዶዎችም (በስክሪኑ ላይ ያሉ ትንንሽ ምልክቶች) 32 በ32 በሆነ ስፍራ በጥቁርና በነጭ ብቻ የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ «ቀለም ጨምር» የሚለውን ምክር በጥርጣሬ እቀበለዋለሁ።

የጠርዝ ጉዳይ በአንጻሩ በስሌት የሚፈታ ነው። ጉንጩ «ተሰባብሯል» ከተባለ በመስመሩ ላይ ያሉትን ደረጃዎች ርዝመት በፒክስል ይቁጠሩ፤ 5፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1 እያለ የሚሄድ መስመር ለስላሳ ኩርባ ሲሆን፣ 5፣ 2፣ 4፣ 1፣ 3 የሚል ግን ዓይንን ያደናቅፋል። መጀመሪያ ደረጃዎቹን ያስተካክሉ፤ ጠርዙን ለማለስለስ የሚገባውን፣ አንቲ-አሊያሲንግ የሚባለውን መካከለኛ ቀለም መስመሩ ደረጃ በሚቀይርባቸው ቦታዎች ላይ የሚያኖሩት ከዚያ በኋላ ነው። የጥላዎቹ ጠርዞች በአንድ ቦታ ላይ እየጀመሩና እያበቁ እንደ ደረጃ ከተደራረቡ ባንዲንግ የሚባለው ጉድለት ይፈጠራል፤ አንዱን ጥላ በአንድ ፒክስል ማሳጠር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዲዘሪንግን፣ ማለትም ሁለት ቀለሞችን እንደ ዳማ ሰሌዳ ማፈራረቅን፣ ከትንሽ ፊት ላይ ያርቁት፤ ያልተላጨ ጢም ይመስላል።

አንዳንድ ሠዓሊ ከመናገር ይልቅ በሥዕልዎ ላይ ራሱ አርሞ ያሳይዎታል። ይህ ከሁሉም የላቀ ስጦታ ነው፤ ግን እንዳለ መቅዳት የሰውየውን እጅ እንጂ ዕውቀቱን አይሰጥዎትም። እርማቱን በአዲስ ሌየር (ንብርብር) ከሥዕልዎ በላይ አስቀምጠው ደጋግመው ያብሩት፣ ያጥፉት። የተለወጠውን ሁሉ በቃላት ይጻፉ፤ ለምሳሌ «የሩቁ ዓይን በአንድ ፒክስል ጠበበ፣ ከአፍንጫው ሥር ያለው ጥላ ሰፋ» ብለው። ከዚያ የእርሱን ዘግተው በራስዎ ፋይል ላይ በጽሑፉ ብቻ ይሥሩ። ያረመው ሰው ሳያስበው የፊቱን ጠባይ ለውጦት ሊሆን ስለሚችል፣ የደከመች ሴት ለመሣል አስበው ከነበረና በእርማቱ ውስጥ የምትኮራ ሴት ካገኙ ያንን ክፍል ይተዉት።

ምክሮች ሲቃረኑ ድምፅ አይቁጠሩ። አንዱ ቅንድቡን አወፍር፣ ሌላው አቅጥን ካሉ ሁለቱም ቅንድቡ ላይ ተደናቅፈዋል ማለት ነው፤ ምናልባት ውፍረቱ ሳይሆን ከዓይኑ ጋር ያለው ርቀት ይሆናል። ሥዕል ለማይሠራ ሰውም አሳይተው ይህ ሰው ዕድሜው ስንት ይመስልሃል፣ ምን እያሰበ ነው ብለው ይጠይቁ፤ ስለ ጥላና ስለ ጠርዝ የማያውቅ ሰው ፊትን ግን ማንም እንደሚያነበው ያነባል።

እያንዳንዱን እርማት በአዲስ ቁጥር ባለው ፋይል ያስቀምጡ፤ ዳግመኛ ሲያሳዩም የቀድሞውንና የአሁኑን በእኩል መጠን ጎን ለጎን አድርገው፣ የትኛውን ምክር እንደተቀበሉና የትኛውን ለምን እንደተዉ ይግለጹ። ምክሩ ሥራ ላይ መዋሉን ያየ ሰው በሁለተኛው ዙር ይበልጥ ተጠንቅቆ ይመለከትልዎታል። ካስተካከሉ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች በዋናው መጠን ሲያፈራርቁ ልዩነቱን መለየት ካቃተዎ የቀድሞውን ይመልሱና ፋይሉን ይዝጉ።