ሌክሰስ ኤልኤስ 430 ወይስ መርሴዲስ ኤስ ክላስ፦ ያገለገለ የቅንጦት መኪና አወዳድሮ መግዣ መንገድ

በአሜሪካ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ውስጥ፣ በዘመናቸው ከየፋብሪካቸው የወጡ ምርጥ መኪናዎች የነበሩ ሁለት ሰዳኖች ዛሬ ከአዲስ አነስተኛ መኪና እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ። አንደኛው ከ2001 እስከ 2006 ሞዴል ያለው ሌክሰስ ኤልኤስ 430 ነው። ሁለተኛው ከ2000 እስከ 2006 ሞዴል የተሸጠው፣ መካኒኮች ደብሊው 220 የሚሉት መርሴዲስ ኤስ ክላስ ሲሆን በብዛት የሚገኙት ኤስ 430 እና ኤስ 500 ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ መካከል ለሚያመነታ ገዢ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ የወረደው የመኪናው ዋጋ ብቻ መሆኑን ነው፤ መለዋወጫውና የእጅ ዋጋው ዛሬም የቅንጦት መኪና ዋጋ ነው።

በጀትዎን ለሁለት ይክፈሉ

ያለዎትን ገንዘብ ሁሉ ለመግዣ አያውሉት። ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ያስቀምጡ፤ ለመርሴዲሱ ከዚያም በላይ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ስሌት የሚተርፈው ገንዘብ ጥሩ ይዞታ ያለው መኪና የማይገዛ ከሆነ፣ በርካሽ የቀረበውን ደካማ መኪና ከመውሰድ ይልቅ ጥቂት ወራት መቆጠብ ይሻላል። መኪናውን ነድተው ሲጠግቡ ወደ አገር ቤት የመላክ ሐሳብ ካለዎትም ከአሁኑ ይተዉት፦ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥላለች፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ሞተርና ካምቢዮ

የሁለቱም ሞተር ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ ሁለቱም በጥንካሬያቸው የተመሰገኑ ስለሆኑ ምርጫው በሞተሩ ብርታት ላይ አይወሰንም። ልዩነቱ በአጠባበቃቸው ላይ ነው። የሌክሰሱ 4.3 ሊትር ሞተር የሚሠራው በታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስተኖቹ ጋር በሚያቀናጅ ቀበቶ) ሲሆን፣ ቺንጋው በየ90,000 ማይሉ መቀየር አለበት፤ አብሮት የውኃ ፓምፑን መቀየርም የተለመደ ነው። ቺንጋው በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ሞተሩን ሊያበላሹት ይችላሉ። ስለዚህ ሻጩ «ተቀይሯል» ቢልዎት አይበቃም፤ ቀኑንና ማይሉን የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ይጠይቁ። ደረሰኙ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ወጪውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ከሞተሩ አናት፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ስለተቀበረ፣ ሲበላሽ ከዕቃው ይልቅ የእጅ ዋጋው እንደሚከብድ ይወቁ።

መርሴዲሱ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት ስላለው በየጊዜው የሚቀየር ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት፣ በጠቅላላው 16 ካንዴላዎች አሉት፤ የቫልቭ መሸፈኛ ጎሚኒዎቹም ሲያረጁ ዘይት ያንጠባጥባሉ። ከሁሉ በላይ ካምቢዮውን ይመርምሩ። ፋብሪካው በመጀመሪያ የባለ አምስት ማርሹ ካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ አይቀየርም ብሎ ስለነበር፣ ብዙ ባለቤቶች አንድም ቀን ሳይቀይሩት ነድተውታል። በካምቢዮው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ሲላላ ደግሞ ዘይቱ በሽቦዎቹ ውስጥ እየተሳበ እስከ ኮምፒውተሩ ሊደርስ ይችላል። የካምቢዮ ዘይት የተቀየረበት ደረሰኝ ያለው ኤስ ክላስ ባለቤቱ የተጠነቀቀለት ስለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ውሳኔውን የሚወስነው ሰስፔንሽን

በእኔ እምነት በእነዚህ ሁለት መኪናዎች መካከል ከፍተኛው ልዩነት በሰስፔንሽኑ፣ ማለትም መኪናውን ተሸክሞ የመንገዱን ንቅናቄ በሚያለሰልሰው ክፍል ላይ ነው። አብዛኞቹ ኤልኤስ 430ዎች የሚቆሙት በተለመደው የብረት ሞላና ሾክ ላይ ነው፤ የአየር ሰስፔንሽን የመጣው በውድ ፓኬጅ ብቻ ነበር። ከፍታ የሚቀይር ቁልፍ ካዩ የአየር ነው ማለት ነውና፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ባለ ሞላውን ይምረጡ። በኤስ 430 እና በኤስ 500 ላይ ግን ኤርማቲክ የተባለው የአየር ሰስፔንሽን መደበኛ ነው። የአየር ከረጢቶቹ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቁና አየር ያስተነፍሳሉ፤ ኮምፕሬሰሩም የሚያስተነፍሰውን አየር ለመተካት ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠላል። አንድ ከረጢት በጊዜው ያልቀየረ ባለቤት ሁለት ዕቃ ይገዛል። ኤቢሲ የተባለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው ሰስፔንሽን ያለበትን ኤስ 500 ደግሞ፣ ፓምፑና ቱቦዎቹ እጅግ ውድ ስለሆኑ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት እንዲገዙት አልመክርም።

ምርመራው ቀላል ነው። ሻጩን መኪናውን ከማታ ጀምሮ በተስተካከለ ሜዳ ላይ እንዲያቆመውና እስኪደርሱ ድረስ እንዳያስነሳው ይጠይቁ። ጠዋት ሲደርሱ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ፣ ከቸርኬው መሐል እስከ ላይኛው የላሜራ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። ግራና ቀኙ በግልጽ ከተለያየ፣ ወይም አንዱ ማዕዘን ጎማው ላይ ከተቀመጠ፣ እዚያ በኩል አየር ይወጣል። ከዚያ ሞተሩን ያስነሱና ኮምፕሬሰሩን ያዳምጡ፤ መኪናው ቶሎ ተነሥቶ ኮምፕሬሰሩ ጸጥ ማለት ሲኖርበት ማጓራቱን ከቀጠለ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ሻጩ ምንም ቢልዎት ጉዳቱን በዋጋው ውስጥ ያስገቡት።

ከመሄድዎ በፊት ሰነዱን ይመልከቱ

የመኪናውን ባለ 17 ሆሄ የሻንሲ ቁጥር በስልክ ይቀበሉ፤ አሥረኛዋ ሆሄ የሞዴል ዓመቱን ታመለክታለች። በፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብቶ ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው እንዲጠገን መኪናውን መልሶ የጠራበት ጉድለት) ካለ ማየት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። የአደጋና የባለቤትነት ታሪኩን የሚያሳየውን ዘገባ ግን በገንዘብ መግዛት ይኖርብዎታል። ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) ሳልቬጅ፣ ማለትም በጉዳት ከጥቅም ውጭ የተባለ፣ ወይም ሪቢልት፣ ማለትም ከዚያ በኋላ ተጠግኖ የተመለሰ፣ የሚል ከሆነ፣ ወይም መኪናው በጎርፍ ከተጠቃ አካባቢ የመጣ ከሆነ፣ እነዚህን በኤሌክትሮኒክስ የተሞሉ መኪናዎች አይንኩ።

ስፍራው ላይ ሲደርሱ

ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ካገኙት ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል። ሞተሩን በቀዝቃዛው ያስነሱ፣ መስኮቶቹን፣ መቀመጫዎቹን፣ የበር ቁልፎቹንና ኤሲውን አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ በሌክሰሱ ላይ የበር ቁልፍ ሞተሮች መድከማቸው የተለመደ ነው። በመርሴዲሱ ላይ የጎማ ቅስቶቹን፣ የበሮቹን የታች ጠርዝና የሻንጣ መክደኛውን በባትሪ ብርሃን እየተመለከቱ ዝገት ይፈልጉ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት ግዛት የኖረ ከሆነ የሁለቱንም ሆድ ማየት ግድ ነው። በሀይዌይ ላይ ፍሬን ሲይዙ ሌክሰሱ መሪው ላይ ከተንቀጠቀጠ የፊት እግሩ ቦኮላዎች (በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች) ሳያልቁ አይቀሩም።

ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ የተሸጡ መኪናዎች ሁሉ የኮምፒውተር መመርመሪያ ሶኬት ስላላቸው በርካሽ የብልሽት ኮድ ማንበቢያ ይሞክሩት። ኮድ አለመኖሩ ብቻ አያስደስትዎ። የመኪናው ኮምፒውተር በራሱ የሚያደርጋቸው ምርመራዎች «ዝግጁ አይደለም» የሚሉ ከሆነ አንድ ሰው ኮዱን በቅርቡ አጥፍቶታል ወይም ባትሪውን ነቅሎታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው መኪና በሰሜን ቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ የጭስ ምርመራ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከሻጩ ጋር ምንም ትውውቅ ለሌለው መካኒክ ከፍለው ያስመርምሩት። መርሴዲሱን የሚያየው ሰው የፋብሪካውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለው ገለልተኛ ጋራዥ በአቅራቢያዎ ከሌለ ኤስ ክላሱን ከዝርዝርዎ ይሰርዙት።

ሁለቱን አስተያይቶ መወሰን

በየቀኑ ሥራ ለሚሄድበት፣ ሁለተኛ መኪና ለሌለው ሰው፣ የቺንጋው ደረሰኝ ያለውና በብረት ሞላ የቆመው ኤልኤስ 430 ይሻላል፤ ከ2004 ጀምሮ ያሉት ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ አላቸው። መርሴዲሱ በመሪው ስሜት፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ባለው እርጋታና በግርማው የሚወደድ መኪና ስለሆነ፣ የሚፈልገውን ሰው ተሳስተሃል አልለውም። ነገር ግን በ2003 የታደሰውን ሞዴል፣ ዝገት የሌለበትን፣ ከረጢቶቹ የተቀየሩለትንና ሙሉ የጥገና ፋይል ያለውን ይፈልግ። እንዲህ የተያዘ ኤስ ክላስ ደረሰኝ ከሌለው ሌክሰስ ይበልጣል።

በስም ዝውውሩ ቀን በዳሽቦርዱ ጫፍና በሾፌሩ በር መቃን ላይ ያሉት የሻንሲ ቁጥሮች ከታይትሉ ጋር አንድ መሆናቸውን፣ የሻጩ መታወቂያ ታይትሉ ላይ ካለው ስም ጋር መስማማቱን፣ የባንክ ዕዳ ተመዝግቦበት ከነበረም የመከፈሉ ማረጋገጫ መኖሩን ይዩ። ሜሪላንድ ላይ የሚያስመዘግቡት ከሆነ የደኅንነት ምርመራ የምስክር ወረቀት ስለሚጠየቁ፣ ምርመራውን ማን እንደሚያስደርግና ጉድለት ከተገኘ ማን እንደሚከፍል ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ።