ከስፔን ቅኝ አገዛዝ የቀሩ የቦታ ስሞችን ከፒያሳ ተነሥቶ ማንበብ

ስፔን የገዛቻቸውን አገሮች ካርታ ማንበብ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ሰው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ከሚያውቃቸው ሰፈሮች ቢጀምር ይቀለዋል። ፒያሳና መርካቶ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ የጣሊያንኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው ስፓኒሽ አንዱን ፕላዛ፣ ሌላውን መርካዶ ይላቸዋል። ለካዛንቺስ መነሻ የሆነው ካዛ፣ ማለትም ቤት፣ በስፓኒሽ ካሳ ነው።

ቀጥሎ የስሙን የመጀመሪያ ቃል ይመልከቱ። «ሳን» ቅዱስ፣ «ሳንታ» ቅድስት ማለት ሲሆን፣ እንደ ዶሚንጎና ቶማስ ባሉ ስሞች ፊት ሳን «ሳንቶ» ይሆናል። ሳንታ ክሩስ ቅዱስ መስቀል ስለሆነ ከመስቀል አደባባይ፣ በአርጀንቲና ጠረፍ ያለው የሳን ኾርኼ ባሕረ ሰላጤም ከአራዳ ጊዮርጊስ ጋር ስሙን ይጋራል።

የቅዱስ ስም ካገኙ በዓሉ መቼ እንደሚውል ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ስሙን የሰጠው ቀኑ ነውና። ስፔናዊው የጦር አዛዥ ፔድሮ ሜኔንዴስ የፍሎሪዳን ጠረፍ ያየው እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1565፣ በምዕራባውያን አቆጣጠር በቅዱስ አውግስጢኖስ በዓል ስለነበር የቆረቆረው ከተማ ሳን አጉስቲን ተባለ። ኮሎምበስም በ1493 ዶሚኒካን ያያት እሑድ ቀን ስለነበር ደሴቲቱ በዕለቱ ተሰየመች። ቀጠሮውን «ለሚካኤል»፣ «ለጊዮርጊስ» እያለ ለሚይዝ ሰው ይህ አሰያየም እንግዳ አይሆንበትም።

አጻጻፍ ላይ ፊደላችን የታደለ ነው። እንግሊዝኛ የሌለውን የስፓኒሽ ድምፅ ኘ ራሱ ይወክለዋል፤ ሄይቲ ያለችበትን ደሴት ኤስፓኞላ ብሎ መጻፍ ይበቃል። በላቲኑ ጄ ተብሎ የሚታየውን ኸ ይቀርበዋል፤ ስለዚህ ሳን ሆዜ ሳይሆን ሳን ኾሴ ይጻፉ። ድርብ ኤል በብዙው የላቲን አሜሪካ «ይ» ስለሚሆን የፔሩዋ ከተማ ትሩኺዮ ትባላለች። ኤች አይነበብም፤ ኦንዱራስ እንጂ ሆንዱራስ አይሉም።

«ሳኦ» ካዩ ግን ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ነው፤ ሳኦ ፓውሎን ከስፔን ጋር አያዛምዱ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው «ዴ» የሚለው ቃል ነው። ዴ እንደ እኛ «የ» ያያይዛል፣ ከእርሱም በኋላ ብዙውን ጊዜ ቅኝ ገዥው ሲመጣ ያገኘው ስም ተቀምጧል። ሳን ፍራንሲስኮ ዴ ኪቶ፣ ሳንታ ፌ ዴ ቦጎታ፣ ሳንቲያጎ ዴ ሊዮን ዴ ካራካስ የተባሉት ሦስት ከተሞች ዛሬ ኪቶ፣ ቦጎታ፣ ካራካስ ብቻ ይባላሉ፤ ቦጎታም የአካባቢው ነባር ሕዝብ ሙይስካዎች ለቦታው ከሰጡት ስም፣ ከ«ባካታ»፣ የወረደ ነው። ሳንና ሳንታን ተርጉሞ የሚያቆም አንባቢ የነባሩን ሕዝብ ድምፅ ሳይሰማ ያልፋል፤ በእኔ እምነት ይህ ከባዱ ስሕተት ነው። ስፓኒሹም ቢሆን ድርብርብ ነው፤ የሜክሲኮዋ ጉዋዳላኻራ ስሟን የወሰደችው ከስፔን ከተማ ሲሆን፣ የዚያችም ስም ከዓረብኛው ዋዲ አል ሒጃራ፣ ከድንጋዮች ሸለቆ፣ የመጣ ነው።

በመጨረሻ የአፍሪካን ካርታ ዘርግተው አሮጌውን ከአዲሱ ያስተያዩ። በምዕራብ ሰሃራ ቪያ ሲስኔሮስ የነበረችው ዳኽላ ናት፤ የኢኳቶሪያል ጊኒዋ ሳንታ ኢሳቤልም ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ቡቢ በተባለው የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ንጉሥ ስም ማላቦ ትባላለች።