እየዋኙ ክብደትን መቆጣጠር፦ ከገንዳ በፊትና በኋላ ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንብላ?

ዋና ከጀመሩ ወራት ያለፏቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «በሳምንት ሦስት ቀን እዋኛለሁ፤ ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ለምን?» እንዲያውም የጨመረም አለ። መልሱን ገንዳው ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ከገንዳ ከወጣችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት፣ ገበታ ላይ ነው ያለው።

ከዋና በኋላ የሚመጣው ረሃብ ኃይለኛ ነው። ጠንከር አድርጎ የሮጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ወዲያው ምግብ አያሰኘውም። የዋኘ ሰው ግን ልብሱን ቀይሮ ሳይጨርስ ሆዱ ይሞረሙረዋል። አንዱ ምክንያት የውሃው ቅዝቃዜ ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሰዎች ውሃ ውስጥ ሆነው ለ45 ደቂቃ ፔዳል እንዲመቱ አደረገ። አንድ ቀን ውሃው 33 ዲግሪ፣ ሌላ ቀን 20 ዲግሪ ነበር። ያቃጠሉት ካሎሪ ተቀራራቢ ነው። ከዚያ እንዳሻቸው እንዲበሉ ሲተዉ ግን፣ በቀዝቃዛው ቀን የበሉት ከሞቃቱ ቀን በ44 በመቶ በለጠ።

ይህን ረሃብ በጉልበት ልቋቋመው ማለት አያዛልቅም። የሚሻለው ቀድሞ መጠበቅ ነው። ከታች ያሉት እርምጃዎች ሥራ ውሎ በሳምንት ከሁለት እስከ አራት ቀን ለሚዋኝ አዋቂ ሰው የተጻፉ ናቸው።

1. የምታቃጥሉትን በልኩ ገምቱ

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ሰዓት ዘና ብሎ ቢዋኝ ወደ 200 ካሎሪ ያቃጥላል። አጥብቆ ቢዋኝ 340 አካባቢ ይደርሳል። ይህ ግን ሳያቋርጥ ለዋኘ ሰው ነው። አብዛኞቻችን «አንድ ሰዓት ዋኘሁ» ስንል ግድግዳ ይዘን የምናርፍበትን፣ ከጓደኛ ጋር የምናወራበትን ጊዜ ጨምረን ነው። ለአንድ ሳምንት የዋኛችሁትን ዙር ቁጠሩ። እውነተኛው ሰዓት ስንት እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

አሁን ከሌላው ጋር አስተያዩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ አለው። በቀን አራት ሻይ፣ በየሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር ከጠጣችሁ ወደ 190 ካሎሪ ይመጣል። የግማሽ ሰዓቱ ዋና በሻይ ብቻ ሄደ ማለት ነው።

ስለ አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስም ሰምታችሁ ይሆናል። በቤጂንግ ኦሊምፒክ ሰሞን በቀን 12,000 ካሎሪ ይበላል ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራ። እሱ ራሱ በኋላ ያን ያህል በልቼ አላውቅም ብሏል። ደግሞም እሱ በየቀኑ ለሰዓታት የሚሠለጥን ሰው ነበር። «ዋናተኛ ብዙ ይበላል» የሚለው ወሬ ለእኛ አይሠራም።

2. በባዶ ሆድ ወደ ውሃ አትግቡ

በተለይ ከሥራ በኋላ የምትዋኙ፣ ትልቁ ችግራችሁ እዚህ ነው። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ተበላ። ዋናው 11 ሰዓት ተኩል ነው። በመሃል ቡና ብቻ። ገንዳ ስትገቡ ቀድሞውኑ ርቧችኋል፤ ስትወጡ ያገኛችሁትን ሁሉ ትበላላችሁ። 10 ሰዓት ላይ ትንሽ መክሰስ ብሉ፦ አንድ ሙዝና አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ወይም ግማሽ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ። ይህን መክሰስ «ኪሎ ይጨምርብኛል» ብላችሁ አትፍሩት። በእራት ሰዓት የሚያተርፍላችሁ ከእሱ ይበልጣል።

ማለዳ ለምትዋኙ በሶ ተስማሚ ነው። ሯጮች በሶ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገብስ ስለሆነ ጉልበት ይሰጣል፣ ቶሎ ይዘጋጃል፣ ርካሽም ነው። በኮዳ ስትበጠብጡት ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አስገቡ። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር፣ ቁንጥር ጨው። ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ናጡት። ልሙጥ ሲሆን ቀሪውን ውሃ ሞልታችሁ ድገሙት። ዱቄቱ ቀድሞ ከገባ ታች ይጋገርና እየጓጎለ ያስቸግራችኋል። ከመዋኘታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ቀስ ብላችሁ ጠጡት። በሶ ካልተስማማችሁ ሦስት አራት ቴምር ይበቃል።

«በልቶ የዋኘ ይሰምጣል» የሚባለው በማስረጃ የተደገፈ አይደለም። ግን ሆድ ሞልቶ መዋኘት ይከብዳል፣ ያስገሳል። ከትልቅ ምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። መጠጥ ቀምሶ ገንዳ መግባት ግን ፈጽሞ አይታሰብ፤ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው።

3. ለመውጫ የሚሆን ምግብ ይዛችሁ ሂዱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ምሳ ዕቃችሁ ውስጥ የተዘጋጀ ነገር ካለ ከገንዳው በር ላይ ሳምቡሳና ለስላሳ አትገዙም። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ጠጥታችሁትም አያጠግባችሁም።

ምን ይያዝ? ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ትንሽ ዳቦና አንድ ሙዝ። እንቁላሉ 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣችኋል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ከተጨመረ ሌላ 8 ግራም አለ። ከልምምድ በኋላ ጡንቻን ለመጠገን ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን ጥሩ መነሻ ነው። ፕሮቲን ደግሞ ያጠግባል፤ እኛ የምንፈልገውም እሱን ነው። አይብ የምትወዱም አይብ ከዳቦ ጋር ያዙ። በቀን በአጠቃላይ በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን አስቡ፤ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። በአንድ ማዕድ የሚሞላ አይደለም። ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራት ተከፋፍሎ ይበላ።

ሰውነታችሁን ማሞቅም የዚሁ እርምጃ አካል ነው። እንደወጣችሁ እርጥቡን ዋና ልብስ ቶሎ አውልቁ። ሙቅ ሻወር ካለ ግቡበት። ፀጉራችሁን አድርቁ፣ ካልሲ አድርጉ፣ ስኳሩ ጥቂት የሆነ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይዛችሁ ጠጡ። የአዲስ አበባ ምሽት ብርድ ቀልድ አይደለም፤ ከገንዳ ወጥቶ በእርጥብ ፀጉር ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ቤቱ ሲደርስ ድስቱን ነው የሚያየው። ሶደሬን በመሰለ የፍል ውሃ ገንዳ የዋኘ ሰው ይህ ዓይነቱ ረሃብ ያን ያህል አይጸናበትም።

ይህን በልታችሁ፣ ሞቃችሁ፣ ቤት ስትደርሱ የተለመደውን እራት በልኩ ትበላላችሁ።

4. ምሳና እራትን ከድስቱ ጀምሩ

የሀገራችን ምግብ ለዋናተኛ የተመቸ ነው። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሁሉም ጥሩ ናቸው። ነገር የሚበላሸው ዘይቱ ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ስንቱ ቤት ነው ለአንድ ድስት ወጥ ዘይት በማንኪያ የሚለካው? አብዛኛው ከጠርሙሱ ያንቆረቁራል።

እናቶቻችን የሚያውቁት መፍትሔ አለ። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ድስት ላይ ጣሉት። እሳቱን መጠነኛ አድርጉት። ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉት። ውሃውን መጥጦ፣ ቀልቶ፣ ሲልም ብቻ ዘይቱን ጨምሩ። ለአራት ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ቁሌቱ በሽንኩርቱ ብዛትና በቆይታው ነው የሚጣፍጠው። ቅቤ የምትወዱ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጉበት። ሽታው ያኔ ይበልጥ ይወጣል።

ቀጥሎ መሶቡ። በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ደስ ይላል፤ እንዲቀርም አልመክርም። ችግሩ ስንት እንደበላችሁ አታውቁም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ድርሻችሁን በዓይናችሁ ቁረጡ። በዋና ቀን አንድ እንጀራ፣ በማትዋኙበት ቀን ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ። እንጀራው ሲቀንስ ወጡና አትክልቱ ይጨምር። አንድ ብርጭቆ ሙሉ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ እንደልባችሁ። «በሞቴ» ተብላችሁ አንድ ጉርሻ ብትቀበሉ ምንም አይደለም። ሁለተኛ እንጀራ ሲዘረጋ ግን እጃችሁን ታጠቡ።

ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት። ቡናና ሻይ ከእህል የምናገኘው አይረን በደንብ እንዳይገባን ይከለክላሉ። አይረን ሲያንስ ደግሞ ገንዳ ውስጥ ቶሎ ይደክማችኋል፤ ሴቶች በተለይ ልብ በሉ። በተቃራኒው ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ያግዛሉ። ሰላጣው ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ።

5. ውሃ

ውሃ ውስጥ ሆነንም እናልባለን። አይታወቀንም እንጂ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በትንፋሽ የሚወጣው ፈሳሽም ይጨምራል። ኮዳችሁን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጡና በየእረፍቱ ጎንጨት በሉ። ሽንታችሁ ገለባ መሳይ ከሆነ በቂ ጠጥታችኋል፤ ከጠቆረ ጨምሩ። ጥማትን ረሃብ ነው ብሎ መሳሳትም አለ።

6. በጾም ወራት

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩ የዓመቱ ብዙ ቀን ጾም ነው። ስለዚህ የጾሙ ዕቅድ ለብቻው ያስፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ የምትጾሙ፣ ማለዳ አጥብቃችሁ አትዋኙ። ውሃ ውስጥ ራስ ማዞር አደገኛ ነው። ዋናውን ወደ ምሽት አዙሩት፤ 9 ሰዓት ላይ በልኩ ብሉ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዋኙ። ምሳ ዕቃው ውስጥ በእንቁላሉ ፋንታ የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮ ከስንዴ ጋር ይግባ። ጥራጥሬና እህል አንድ ላይ ሲበሉ የአንዱን ፕሮቲን ሌላው ይሞላዋል። 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ተልባና ሱፍ ጥሩ ስብ ይሰጣሉ፤ ግን ካሎሪያቸው ብዙ ስለሆነ በብርጭቆ ሳይሆን በማንኪያ ለኩት። በጾም ኪሎ የሚጨምር ሰው የምናየው በዳቦ፣ በፓስታና በተጠበሰ ድንች ምክንያት ነው።

በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ መዋኘት ይመቻል። በቴምርና በሾርባ ጀምሩ፣ ዋናውን ዋኙ፣ ከዚያ እራት ብሉ። ሳምቡሳው ለሳምንቱ መጨረሻ ይቆይ።

7. ሚዛኑን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ

አንድ ቀን ምረጡ። ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑ። ከቀን ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ማለት የውሃና የጨው ጉዳይ ነው፤ በሴቶች የወር አበባ ዑደትም ይለዋውጠዋል። ወገባችሁን በሜትር ለኩ። አራት ሳምንት አያይዛችሁ እዩት። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው። ለዚህ በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ መቀነስ ይበቃል፤ የሚቀነሰውም ከዘይቱ፣ ከስኳሩና ከመጠጡ ነው። ከዋና በፊትና በኋላ ያለውን ምግብ አትንኩት።

ስለ ገላችሁ ማንም እንዲያሸማቅቃችሁ አትፍቀዱ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ሮቤል ኪሮስ ለኢትዮጵያ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሲወዳደር ዓለም በሰውነቱ ተሳለቀበት። ያን ያየ ስንቱ ሰው ዋና ልብስ መልበስ ፈርቶ ቀርቶ ይሆን? ሰውን በማሳፈር ክብደት አይቀነስም። ገንዳው ከነቦርጫችሁ የእናንተ ነው።

ሁልጊዜ ከበረዳችሁ፣ እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ጉንፋን ከተመላለሰባችሁ፣ ወይም የወር አበባ ከቀረ፣ የምትበሉት አንሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም አማክሩ። ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች ደግሞ ይህን ዕቅድ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

8. ዋና ሲቋረጥ

ክረምት ገብቶ፣ ገንዳው ለጥገና ተዘግቶ ወይም ሥራ በዝቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ላትዋኙ ትችላላችሁ። የዋና ጊዜ የምግብ ልማድ ግን ሳናውቀው ይቀጥላል። በመጀመሪያው ቀን የ10 ሰዓቱን መክሰስና የመውጫውን ምሳ ዕቃ አቁሙ። እንጀራውን ወደ ግማሽ አውርዱ፣ ፕሮቲኑን እንዳለ ተዉት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር ሂዱ። ወደ ገንዳ በተመለሳችሁ ቀን መክሰሱንም መልሱት።